ሰርፍ፣ ፍላሜንኮ እና ላቲን በአንድ ጊታር ላይ እንዴት ተስማሙ?

ጊታር ያለው ሰው በጣም ወፍራሙን ክር ብቻ ይዞ ይህን ይሞክር። መጀመሪያ ክሩን ሳይጫን ይምታው፤ ቀጥሎ 1ኛውን፣ 5ኛውን፣ 7ኛውንና 8ኛውን ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መስመር የተከፈለውን ቦታ) ተራ በተራ እየተጫነ ይምታ። በአማርኛ ዘፈን ያደገ ጆሮ የሚሰማው አምባሰልን ነው። አሁን በ1ኛውና በ5ኛው መካከል 4ኛውን ፍሬት፣ ከ8ኛው በኋላ ደግሞ 11ኛውን ይጨምርበት። አምባሰል ቀረ፤ በቦታው የመጣው ግሪኮች፣ ቱርኮች፣ አርመኖችና ዐረቦች በየራሳቸው ስም የሚጠሩት የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቅኝት ነው። ዲክ ዴል የተባለው የካሊፎርኒያ ጊታሪስት እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1962 «ሚዘርሉ» የተባለውን የቆየ ዜማ ያስቀረጸው በዚህ ቅኝት ነው፤ ዜማውንም የጀመረው በዚሁ ወፍራም ክር ላይ ወደ ላይ እየወጣ ነው። የሰርፍ ጊታር ሲነሳ የብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚያቃጭለው ይህ ቀረጻ ነው።

እዚህ የማብራራው ዘፋኝ የሌለበትን፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሸከምበትን፣ ከሰርፍ፣ ከፍላሜንኮና ከላቲን ሙዚቃ የተቀዳውን የሮክ ስልት ነው። ሦስቱን ስሞች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ አቀናባሪ በዘፈቀደ የቀላቀላቸው ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ነገሩን ስከታተለው የደረስኩበት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሦስቱ በአንድ መድረክ ላይ ከመገናኘታቸው በፊትም ሥጋ ዘመዶች ነበሩ። ዜማቸው ያለ ብዙ ድካም ይገጥማል፤ የሚያስቸግረውና የተጫዋቹን ችሎታ የሚፈትነው የቀኝ እጅን ሥራና የምቱን አቆጣጠር ማስማማት ነው።

ከሰርፍ እንጀምር። ይህ ሙዚቃ የተወለደው በደቡብ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ ማዕበል ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ወጣቶች በሚሰበሰቡባቸው የጭፈራ አዳራሾች ውስጥ ነው። ዋና ዘመኑ በጣም አጭር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1964 ያለው ጊዜ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ባንዶች ከነዘፋኞቻቸው መጥተው የአሜሪካን ወጣት ጆሮ ወሰዱት። ዲክ ዴል በትውልድ ስሙ ሪቻርድ መንሱር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ቦስተን ተወልዶ በ2019 አረፈ። የአባቱ ወገን ሊባኖሳዊ በመሆኑ ከአጎቱ የዑድ ጨዋታ ሲሰማና ከበሮ ሲማር ነው ያደገው። እርሱ ራሱ ደጋግሞ ሲናገር እንደተሰማው፣ አንድ ልጅ «በአንድ ክር ብቻ ዘፈን መጫወት ትችላለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ትዝ ያለው አጎቱ የሚጫወተው «ሚዘርሉ» ነበር። የዜማው ስም በቱርክኛ «ግብፃዊ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሸክላ ቅጂ የታተመው በ1927 አካባቢ ነው። የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ መለያ ተደርጎ የሚቆጠረው ድምፅ፣ እንግዲህ፣ ከሌላ ባሕር ማዶ የመጣ ነው።

ዴል ግን ዜማውን እንዳለ አላቀረበውም። የተነጠቀ ክር ድምፅ ወዲያው መሞት ይጀምራል፤ ዘፋኝ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ አንድን ድምፅ እንደሚያራዝመው ጊታር ማራዘም አይችልም። ዘፋኝ የሌለው ጊታሪስት ይህን ችግር ሳይፈታ ዜማ ተሸክሞ ሊዘልቅ አይችልም። የዑድ ተጫዋቾች ሪሻ በሚሉት ረጅም መምቻ ክሩን ወደ ታችና ወደ ላይ እጅግ እያፈጠኑ ስለሚመቱት የተቆራረጠው ድምፅ እንደ አንድ የሚርገበገብ ረጅም ድምፅ ይሰማል። ዴል ይህንኑ ፒክ በተባለው ትንሽ መምቻ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አደረገው፤ ያውም ከበሮ እንደሚመታ ሰው በኃይል። ኃይሉን እንዲችሉለት የተጠቀማቸው ክሮች በጣም ወፍራም ነበሩ፤ የሁሉም ወፍራሙ 0.060 ኢንች ይደርስ ነበር፤ ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው የተለመደ የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ደግሞ በወፍራሙ በኩል 0.046 ኢንች ያህል ነው። ግራኝ ስለነበረም ለቀኝ እጅ የተገጠመውን ጊታር ክሮቹን ሳያዘዋውር ገልብጦ ይይዘው ነበር፤ ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ሆኖ ማለት ነው።

ይህን ድምፅ በባልቦዋ በሚገኘው ራንዴቩ ቦልሩም ለተሰበሰበ በሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ማሰማት ሌላ ጣጣ ነበር። በዘመኑ የነበሩት አምፕሊፋየሮች ለትንንሽ ክፍሎች የተሠሩ ስለነበሩ በዴል እጅ ተራ በተራ ይቃጠሉ ነበር። የፉለርተኑ ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር ከእርሱ ጋር እየሞከረ በመጨረሻ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ጉልበት ያለው፣ ባለ 15 ኢንች ስፒከር አምፕሊፋየር ሠራ። የሮክ ሙዚቃ ጩኸት ታሪክ ብዙ ጊዜ ከኋለኞቹ የእንግሊዝ ባንዶች ይጀመራል፤ ፍትሕ ቢኖር ከዚህ አዳራሽ መጀመር ነበረበት።

አሁን ወደ ሪቨርብ እንምጣ፤ ምክንያቱም የሰርፍን ድምፅ «እርጥብ» የሚያደርገው እርሱ ነው፤ ፍላሜንኮን ለመቀላቀል ሲሞከርም የመጀመሪያው እንቅፋት የሚሆነው እርሱ ነው። በባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጨበጨበ ሰው ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ቀስ ብሎ ሲሞት ይሰማል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ያቀረበው ሣጥን ይህን የግድግዳ ሥራ በሽቦ ጥቅል፣ ማለትም በስፕሪንግ ያሠራዋል። የጊታሩ የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ አንድ ትንሽ ጥቅል ሽቦ ይገባና በስፕሪንጉ ጫፍ ያለችውን ማግኔት ያርገበግባል፤ ርግብግቢቱ በስፕሪንጉ ውስጥ ተጉዛ በሌላው ጫፍ ተመልሳ ወደ ኤሌክትሪክ ትቀየራለች፤ ከፊሏ ደግሞ ነጥራ ትመለስና እንደገና ትመጣለች። ስፕሪንግ ሁሉንም ድምፅ በእኩል ፍጥነት ስለማያሳልፍ ፒኩ ክሩን በመታ ቁጥር ጠብታ ውኃ ላይ ስትወድቅ የምታሰማውን ዓይነት ድምፅ ይፈጥራል። ሣጥኑ ሲገፋ ወይም ሲነካ የሚያስገመግመውም ስፕሪንጉ በአካል ስለሚናወጥ ነው። ይህ ድምፅ ከሰርፍ ጋር እጅግ ቢዛመድም ስልቱ ግን ያለ እርሱ ጀምሮ ነበር፤ ዴል በ1961 ያወጣው «ሌትስ ጎ ትሪፒን» ደረቅ ነው።

የሰርፍ ድራም በቀላሉ ይገለጻል፤ አራት ቆጠራ ባለው ምት ላይ ቤዝ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) በአንድና በሦስት፣ ስኔሩ (ጥርት ብሎ የሚጮኸው ትንሹ ከበሮ) ደግሞ በሁለት ላይ ድርብ፣ በአራት ላይ ነጠላ ይመታል፤ «ዱም፣ ጣጣ፣ ዱም፣ ጣ» እንደ ማለት ነው። ይህን ምት በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፍላሜንኮ የደቡብ ስፔኗ የአንዳሉሲያ ሙዚቃ ሲሆን ሮማ (በተለምዶ ጂፕሲ) የሚባለው የስፔን ሕዝብ አሻራ በጉልህ ያረፈበት ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ጊታር በመሠረቱ አጃቢ ነው፤ ዘፋኙን ይከተላል፣ ጨፋሪዋን ያገለግላል። ለብቻው መድረክ ላይ የሚቀመጥ የኮንሰርት መሣሪያ እየሆነ የመጣው እንደ ራሞን ሞንቶያ (1879–1949) እና ሳቢካስ (1912–1990) ባሉ ባለሙያዎች እጅ ነው። ሳቢካስ የእርስ በርስ ጦርነቱ ከስፔን አስወጥቶት በላቲን አሜሪካ፣ በኋላም በኒውዮርክ በመኖሩ የፍላሜንኮ ጊታር ያለ ዘፋኝ ለአሜሪካውያን ጆሮ እንዲደርስ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በጃዝ ከሚታወቀው ጊታሪስት ከጆ ቤክ ጋር ሮክ የተጫወተበት አልበም በ1970 የወጣ ሲሆን፣ ፍላሜንኮንና ሮክን በአንድ ስቱዲዮ ለማገናኘት ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነው።

ሰርፍና ፍላሜንኮ የሚዛመዱበት ቦታ በግራ እጅ ላይ በግልጽ ይታያል። በጊታር ላይ ኢ ሜጀር የተባለውን ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆችን) ይዘን፣ የጣቶቻችንን ቅርጽ ሳንለውጥ አንድ ፍሬት ብቻ ወደ ፊት እንግፋው፤ ያልተነኩት ክሮች ክፍት ሆነው ይጩሁ። አሁን የተሰማው ኤፍ ነው፤ ሆኖም ከሥሩም ከላዩም የኢ ድምፅ አልተወውም፤ ሊለያዩ የማይፈልጉ ሁለት ሰዎች ይመስላሉ። ወደ ኋላ ስንመልሰው ውጥረቱ ይረግባል። ፍላሜንኮን ያልሰማ ሰው እንኳ ይህን አንድ እርምጃ ሲሰማ «የስፔን ነው» ይላል። በመነሻው ድምፅና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ በ«ሚዘርሉ» ከክፍቱ ክር ወደ 1ኛው ፍሬት የሚወስደው እርምጃ፣ በአምባሰልም እንዲሁ የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ነው። አንዳሉሲያ በሙስሊም መንግሥታት ሥር ለበርካታ መቶ ዓመታት የቆየች ምድር እንደመሆኗ በዜማዋ ውስጥ የምሥራቁ ጥላ ቢሰማ አይገርምም፤ ምን ያህሉ ከየት መጣ የሚለው ግን የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች አሁንም የሚከራከሩበት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የአንዳሉሲያ የኮርድ ቁልቁለት ነው፤ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ እየተባለ በደረጃ ይወረዳል። ሌላ ዓይነት ሙዚቃ የለመደ ጆሮ ቤቱ ኤ ማይነር እንደሆነ፣ ኢ ደግሞ ለመመለስ የሚንደረደርበት ደጃፍ እንደሆነ አድርጎ ይሰማዋል። ለፍላሜንኮ ሰው ግን ቤቱ ራሱ ኢ ነው፤ ቁልቁለቱ አልቆ ያረፈው እዚያ ነው። ጆኒ ስሚዝ የተባለው የጃዝ ጊታሪስት የደረሰውና ቬንቸርስ የተባለው ባንድ በ1960 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ያደረሰው «ዎክ፣ ዶንት ራን» የሚነሣው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ቬንቸርስ ከካሊፎርኒያ ሳይሆኑ ከዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ናቸው፤ ነገር ግን በየጋራዡ ጊታር መማር የጀመረው የሰርፍ ትውልድ ጣቶቹን ያፍታታው በዚህ ዘፈን ነበር። ቤል ኤርስ የተባሉት ታዳጊዎች በ1961 ያወጡት «ሚስተር ሞቶ» ደግሞ መግቢያው ላይ የስፔን ጠረን በግልጽ አለው። እንግዲህ ፍላሜንኮ ወደ ሰርፍ በኋላ በእንግድነት አልመጣም፤ ቤቱ ሲሠራ መሠረቱ ውስጥ ነበር።

ላቲን የሚባለው ሦስተኛው ወገን በአብዛኛው የሚመጣው በምት በኩል ነው። ስምንት ፈጣን ምቶችን እኩል እየቆጠርን በሦስት፣ በሦስትና በሁለት እንክፈላቸው፤ «አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት» እያልን በየ«አንድ»ው ላይ እናጨብጭብ። ይህ አከፋፈል ከአፍሪካ በባርነት በተወሰዱ ሰዎች በኩል ካሪቢያን የደረሰ ሲሆን፣ በኩባ ሀባኔራም ሆነ በሌሎች ብዙ የላቲን ጭፈራዎች ሥር ይገኛል። ከስፔን ጋር የነበረው ግንኙነትም የአንድ ወገን አልነበረም። የስፔን ዘፈን በመርከብ ወደ ኩባ ሄዶ፣ የኩባን ምት ለብሶ ተመልሷል፤ ፍላሜንኮዎች ራሳቸው ጓሂራንና ሩምባን ከመሰሉ ስልቶች ጋር አንድ ላይ «የመሄድና የመመለስ ዘፈኖች» ብለው ይጠሯቸዋል። ስለዚህ ፍላሜንኮና ላቲንን ዛሬ ቀላቀልሁ የሚል ባንድ ከመቶ ዓመት በላይ የተረገጠ መንገድ ላይ ነው የሚራመደው። የኩባው ፒያኒስት ኤርኔስቶ ሌኩዎና ስለ አንዳሉሲያ ለፒያኖ የጻፈው «ማላጌኛ» ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ ኩባዊ ስለ ስፔን በፒያኖ የጻፈውን ጊታሪስቶች ወሰዱት፤ ከእነርሱም የሚኔሶታዎቹ ትራሽመን በ1964ቱ አልበማቸው ውስጥ በሰርፍ ጊታር ተጫወቱት።

በካሊፎርኒያ ደግሞ ላቲኑ ጎረቤት ነበር። ቻምፕስ በ1958 ያወጡትና የአሜሪካን ሰንጠረዥ የመራው «ተኪላ» ማምቦ የተባለው የኩባ ጭፈራ ምት ያለው፣ ከአንዲት ቃል በቀር ግጥም የሌለው ዘፈን ነው፤ ደራሲውና ሳክስፎኒስቱ ዳኒ ፍሎሬስም የሜክሲኮ ዝርያ ነበር። ሰንቲናልስ የተባለው የሳን ሉዊስ ኦቢስፖ የሰርፍ ባንድ «ላቲኒያ»ን ሲሠራ፣ እንግዲህ፣ ሩቅ አገር አልተመኘም፤ በሬዲዮና በሰፈሩ የሚሰማውን ነው የተጫወተው። በነገራችን ላይ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒውዮርክ ባሳተማቸው ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች የአገራችንን ቅኝት ከዚሁ የላቲን ምት ጋር አጣምሯል፤ መሣሪያው ቫይብራፎን እንጂ ጊታር ባይሆንም ግማሽ ድምፅ ያለበት ቅኝትና ሦስት-ሦስት-ሁለት እንዴት እንደሚዋደዱ ለመስማት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ለአማርኛ አንባቢ አላውቅም።

ጊታሩ ወደ ደቡብ ተሻግሮ ያገኘው ዕድል ከሁሉ ይበልጥ ያስደስተኛል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በሊማ፣ ፔሩ፣ ኤንሪኬ ዴልጋዶ «ሎስ ዴስቴዮስ» የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ኩምቢያ የተባለው የኮሎምቢያ የጭፈራ ሙዚቃ ዜማውን በአኮርዲዮን ወይም በትንፋሽ መሣሪያ ይይዝ ነበር፤ ዴልጋዶና ጓደኞቹ ያንን ቦታ ለኤሌክትሪክ ጊታር ሰጡት። ጊታሩም የሰርፍን ሪቨርብና ፈዝ የተባለውን የሮክ ሻካራ ድምፅ ይዞ፣ ከሥሩ ጉዊሮ (የሚፋቅ ቅል) እና ኮንጋ (በእጅ የሚመታ ከበሮ) እየሄዱለት፣ የአንዲስን አምስት ድምፅ ያለው ዜማ ይዘፍናል። ከአማዞን ደን ክልል ከፑካልፓ «ሁዋኔኮ ኢ ሱ ኮምቦ»፣ ከሞዮባምባ ደግሞ «ሎስ ሚርሎስ» ይህንኑ መንገድ በራሳቸው ጠባይ ሄዱበት። ስልቱ በኋላ ቺቻ ተባለ፤ ከገጠር ወደ ሊማ የፈለሰው ሠራተኛ ሕዝብ ሙዚቃ በመሆኑ በአገሩ ባለጸጎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲናቅ ቆይቶ፣ ከ2000 በኋላ በውጭ አገር በታተሙ ስብስቦች ብዙ አዲስ አድማጭ አገኘ። በካሊፎርኒያ ሰርፍ የጥቂት ዓመታት ፋሽን ሆኖ ሲያልፍ፣ በፔሩ ግን የድግስና የሠርግ ሙዚቃ ሆኖ ቀጠለ። ሰርፍ ራሱ በአሜሪካ ዳግመኛ በሰፊው የተሰማው በ1994 የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ኩዊንቲን ታራንቲኖ «ፐልፕ ፊክሽን» የተባለውን ፊልሙን በ«ሚዘርሉ» ከከፈተ በኋላ ነው።

እስካሁን ያየነው የሚስማማውን ነው። የማይስማማው የቀኝ እጅ ነው። የፍላሜንኮ ጊታሪስት ፒክ አይዝም። ፈጣን ዜማ ሲጫወት ጠቋሚና መሐል ጣቱን እንደሚራመድ እግር እያፈራረቀ ክሩን ይመታል፤ ይህን ፒካዶ ይሉታል። ኮርዱን ሲመታ ጣቶቹን ከመዳፉ አንድ በአንድ እንደ ማራገቢያ እየዘረጋ ክሮቹን በጥፍሩ ጀርባ ይጠርጋቸዋል፤ ይህ ራስጌያዶ ነው። በመካከሉ የጊታሩን ገበታ በጣቱ ያንኳኳል። መሣሪያውም ለዚህ ሲባል በጎንና በጀርባው ከፈረንጅ ጥድ ወገን በሆነ ቀላል እንጨት ይሠራል፤ ክሮቹ ወደ አንገቱ ዝቅ ብለው ስለሚወጠሩ ድምፁ ፈጥኖ ይወጣል፣ ፈጥኖም ይሞታል። የፍላሜንኮ ውበት ያለው በዚህ ፈጥኖ መሞት ውስጥ ነው፤ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ዝምታ ራሱ ምት ነው።

የሰርፍ ሪቨርብ ደግሞ ዝምታን አይወድም፤ ያገኘውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል። ራስጌያዶን እንዳለ ወስዶ በእርጥብ አምፕሊፋየር የሚያሰማ ሰው የሚያገኘው የተድበሰበሰ ጉርምርምታ ነው። ሥራቸውን የሚያውቁ ተጫዋቾች ይህን የሚፈቱት ሪቨርቡን ለዜማው ብቻ አስቀርተው ለኮርዱ በመቀነስ፣ ወይም የቀኝ መዳፋቸውን በክሮቹ ሥር በጊታሩ ድልድይ ላይ አሳርፈው ድምፁን በማፈን፣ ወይም ኮርዱን ለናይለን ክር ጊታር ሰጥተው ኤሌክትሪኩን ለዜማ በማቆየት ነው። ካስታኔትና የማሪያቺ ትራምፔት ከላይ ጨምሮ «ፍላሜንኮ ሰርፍ» ብሎ መሰየም ቀላል ነው፤ እንዲህ ያሉ ቀረጻዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሰምቼ የጨረስኳቸው ጥቂት ናቸው፤ ቀለሙ አለ፣ ምቱ ግን ያው «ዱም፣ ጣጣ» ነው።

የፍላሜንኮን ምት በእውነት ያስገባ የሰርፍ ድራመር ማግኘት ከባድ የሆነው አቆጣጠሩ በአሥራ ሁለት ስለሚሄድ ነው። ቡሌሪያ በተባለው የፍላሜንኮ ስልት ቆጠራው ከ12 ይጀምርና 12፣ 3፣ 6፣ 8 እና 10 ላይ ይጠብቃል፤ ሲሰማ መጀመሪያ ላይ እግር ያስረሳል። ነገር ግን በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ብንለካው ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆኖ እናገኘዋለን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከላይ ያጨበጨብነው የኩባ ምት ራሱ ናቸው፤ የተጨመረው ሁለት ጊዜ «አንድ-ሁለት» ብቻ ነው። ችክችካ ሲጨፍር ያደገ ሰው በሦስትና በሁለት መካከል መመላለስ ስለማይከብደው ይህን ፈጥኖ የሚይዘው ይመስለኛል። ድራመሩም የሚያውቀውን የላቲን ምት እንደያዘ አራት ምቶችን ጨምሮ፣ ስኔሩን በየቦታው ከመደረብ ተቆጥቦ 8 እና 10ን ብቻ ቢያጠብቅ፣ ጊታሪስቱም በ10 ላይ ክሩን በመዳፉ አፍኖ ሪቨርቡን ቢያቆመው፣ እስከሚቀጥለው 12 ድረስ አንድ ባዶ ምት፣ 11ኛው፣ ይቀራል። በአንዳሉሲያ ጭፈራ የጨፋሪዋ ጫማ ወለሉን ሲመታ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሊሰማ ይችላል።